የሃያ ዓመት ሾፌር እና ሰማያዊው ውሃ

ሰውየው ሾፌር ነው። ሾፌር ሲባል አሜሪካ ከገባ በኋላ ስልኩ ላይ አፕ ጭኖ የጀመረ ዓይነት አይደለም። ከመገናኛ ሜክሲኮ ሚኒባስ ነድቷል። ኋላም አይሱዙ ይዞ ከአዲስ አበባ ደሴ እህልና ሲሚንቶ አመላልሷል። ጣርማ በርን በጭጋግ፣ ከፊቱ ያለውን መኪና በኋላ መብራቱ ብቻ እየተከተለ የወረደ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን አድሮ፣ ማለዳ መስታወቱ ላይ የተጋገረውን ውርጭ በመታወቂያው ጠርዝ ፍቆ ጉዞውን ቀጥሏል። ሃያ ዓመት ሲነዳ አንድም ሰው አልገጨም። ይህን ሲናገር «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይል አያልፍም።

እንዲህ ያለ ሰው መኪናው ላይ ያለች አንዲት የውሃ መርጫ ታዋርደኛለች ብሎ አይጠረጥርም።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ዲሴምበር ወር ሚኒሶታ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሎስ አንጀለስ ኖሯል፤ እዚያም ሥራው መንዳት ነበር። አገር ቤት ሳለ የመስታወት ውሃ የሚሞላው በሃይላንድ ከቧንቧ ቀድቶ ነው፤ ቢበዛ ቆንጠር አድርጎ ኦሞ ይጨምርበታል። ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ግን ነዳጅ ማደያው ሁሉ ሰማያዊ ውሃ በጋሎን እየሞላ እንደሚሸጥ አየ። ገዛ፣ ሞላ፣ ሠለጠንኩ አለ። የቤት ኪራዩ ሲያማርረው በጁላይ ጓዙን ጠቅልሎ ወንድሙ ወዳለበት ወደ ሚኒያፖሊስ መጣ። በግማሽ የቀረውን ሰማያዊ ጀሪካንም አልጣለውም፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አብሮት ተጓዘ። የመጀመሪያው ቅዝቃዜ ሲመጣ፣ ጥንቁቅ ሾፌር ነውና፣ እሱኑ እስከ አፉ ሞላበት።

ያን ዕለት ምሽት ከአየር ማረፊያው አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ጫነ። ሚኒሶታ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ጨለማው ከገባ ቆይቷል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሰባት ዲግሪ ነው፤ ለአገሩ ሰው ምንም አይደለም፤ ጃኬቱን ሳይቆልፍ የሚሄድ ሁሉ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት በረዶ ስለጣለ መንገዱ ጨው ተበትኖበታል። 494 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ ሲሄድ አንድ ትልቅ ተሳቢ በግራው አለፈና ከጎማው ሥር የጨው ጭቃ አንስቶ መስታወቱ ላይ ደፋበት።

ሰውየው እንደ ወትሮው ከመሪው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ራሱ ሳበ። ሞተሯ «እዝዝዝ» አለች። ውሃ የለም። ደግሞ ሳበ። እዝዝዝ። መጥረጊያዎቹ ግን ትእዛዛቸውን ተቀብለዋልና ሥራቸውን ጀመሩ፤ ያንን ጭቃ ከዳር እስከ ዳር እንደ ኖራ ለቀለቁት። ከፊት የሚመጣው መብራት ሲያርፍበት መስታወቱ በሙሉ ነጭ ግድግዳ ሆነ።

በሰዓት 60 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አምስት ሰከንድ ሳያይ የነዳ ሰው ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ የሚረዝም መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ሄዷል ማለት ነው። ሰውየው ስንት ሰከንድ እንደሄደ አያውቅም። የጎኑን መስኮት አውርዶ አንገቱን አወጣ፤ ብርዱ ዓይኑን በእንባ ሞላው። የመንገዱን የቀኝ መስመር ከመስታወቱ ይልቅ በትዝታው እየፈለገ ዳር ያዘና ቆመ። ከኋላ ልጁ ማልቀስ ጀምሯል። አጠገባቸው የሚያልፈው እያንዳንዱ ከባድ መኪና የቆመችውን መኪና ያወዛውዛታል።

እናትየዋ አልጮኸችም። ቦርሳዋን ከፍታ የልጇን እርጥብ ሶፍት አውጥታ በመቀመጫዎቹ መሃል አቀበለችው። ወጥቶ መስታወቱን በሕፃን ሶፍት ጠረገ፤ ቤቷ እስኪያደርሳት ሁለት ጊዜ ደግሞ ቆሞ ጠረገ። ስትወርድ የተረፈውን ሶፍት «ያስፈልግሃል» ብላ ወንበሩ ላይ ትታለት ሄደች። ያቺ ደግነት ከስድብ ይልቅ አንገበገበችው።

ለማንም አልተናገረም። ለወንድሙም ጭምር። ለሁለት ሳምንት ያህል በየነዳጅ ማደያው እየቆመ በዚያ በተቀመጠው ባለ እጀታ ስፖንጅ መስታወቱን እያጠበ ሠራ። የሕፃን ሶፍትም መግዛት ጀመረ። ልጅ የሌለው ሰው!

ማታ ማታ ግን በድብቅ መኪናውን ይመረምራል። መጀመሪያ የጠረጠረው አዲስ አበባ ላይ የሚጠረጠረውን ነው፤ ቀዳዳው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል ብሎ በመርፌ ወጋ። አልሆነም። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ደግሞስ ሞተሯ እየጮኸች ፊውዝ ምን ያደርጋል? ይህን ማሰቡ ትክክል ነበር። እጀታው ሲሳብ ድምፅ ካለ መብራቱ ደርሷል፣ ሞተሯም ዞራለች ማለት ነው፤ ችግሩ ከሞተሯ ወዲህ፣ በቱቦው ወይም በመርጫው አፍ ላይ ነው። ድምፅ ከሌለ ደግሞ ወይ ፊውዝ፣ ወይ ሽቦ፣ ወይ ራሷ ሞተሯ። አንድ ሾፌር ኮፈን ሳይከፍት በጆሮው ብቻ የችግሩን ግማሽ ያጣራል። በሁለተኛው ሳምንት ብርዱ ሲጠና ድምፁም ጠፋ። ያኔ ፊውዙን ቢያየው ተቃጥሏል። ቀየረው፤ አዲሱም በመጀመሪያው ሙከራ ተቃጠለ። በረዶ ውስጥ የተቀረቀረች ትንሽ ሞተር ልዙር ስትል የምትስበው ኃይል ፊውዙን እንደሚበላ ያኔ አልገባውም።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት የሻይ ማንቆርቆሪያውን በፈላ ውሃ ሞልቶ ወረደ። ሐሳቡ ቱቦውም መስታወቱም ላይ ሊያፈስ ነው። እዚያው ሕንፃ ላይ የሚኖሩ፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን ሚኒሶታ የገቡ አንድ አረጋዊ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩት።

«ተው! ተው እንጂ! መስታወቱን ልትሰነጥቀው ነው እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው።»

«ብርጭቆ ላይ በብርድ የፈላ ውሃ አፍስሰህ አታውቅም? ይኸም ብርጭቆ ነው። ምን ሆኖ ነው?»

መዋሸት አልቻለም። «ውሃው እምቢ አለኝ።»

«ምን ሞልተህበታል?»

«ሰማያዊውን ነዋ!» አለ፤ ትንሽ ተቆጥቶም ነበር። የቧንቧ ውሃ ሞልተሃል የተባለ መስሎታል። ሄዶ ጀሪካኑን ከኋላ አወጣና አሳያቸው። አረጋዊው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፣ ጀሪካኑን አዟዙረው አዩና አንድ ቁጥር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

ሠላሳ ሁለት።

ቁጥሩን ሰውየው ከዚህ በፊት አይቶታል። ግን በሴልሺየስ ለኖረ ሰው ሠላሳ ሁለት ማለት ድሬዳዋ ናት። ሙቀት ይችላል ማለት ነው ብሎ አልፎት ነበር። አሜሪካኖቹ የሚለኩት በፋራናይት ነው፤ በፋራናይት ሠላሳ ሁለት ማለት ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም ንጹሕ ውሃ የሚረጋበት ነጥብ ነው። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው በቀጥታ አማርኛ ሲነገር «እኔ ከውሃ በምንም አልሻልም» ነበር። ውሸት አልተጻፈበትም። ቀለሙ ግን ያው ሰማያዊ ነው።

ሎስ አንጀለስ የተሸጠለት ለምን እንዲህ ዓይነቱ እንደሆነም ምክንያት አለው። የማይረጋ የመስታወት ውሃ የሚሠራው ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና እና አልኮል ተቀላቅሎ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አልኮሉ ሜታኖል የሚባለው ነው። አልኮል በቀላሉ ስለሚተን አየር ይበክላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በአየር ጥራት ሕጓ ጥብቅ ናት፤ በረዶ ከሚጥልባቸው ተራራማ አካባቢዎች በስተቀር በመስታወት ውሃ ውስጥ የሚገባውን እንዲህ ያለ ኬሚካል እዚህ ግባ እስከማይባል መጠን አውርዳዋለች። ለሎስ አንጀለስ ትክክል ነው፤ እዚያ ማን በረዶ አየ? ጀሪካኑ ግን ድንበር ሲሻገር «ከዚህ ወዲያ አልሠራም» ብሎ አይናገርም።

ሚኒሶታ የሚሸጠው ሌላ ነው። እዚያ በብዛት የሚገኘው በፋራናይት ከዜሮ በታች 20 የሚል ነው፤ ወደ ሴልሺየስ ሲመለስ ከዜሮ በታች 29 ገደማ ይሆናል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፤ ከአንድ ሰሃን ጥብስ በጣም ያነሰ።

እዚህ ላይ ስለ ሜታኖል አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። መርዝ ነው። ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፤ በዛ ሲል ይገድላል። የአውሮፓ ኅብረት ለሕዝብ በሚሸጥ የመስታወት ውሃ ውስጥ ከኢምንት መጠን በላይ እንዳይገባ የከለከለውም ለዚህ ነው። ጀሪካኑ ሰማያዊ ጣፋጭ መጠጥ ይመስላል፤ ልጅ ያለበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ በሃይላንድም ተገልብጦ አይቀመጥም። ሀበሻ ደግሞ ሁሉን ነገር በሃይላንድ መገልበጥ ይወዳል።

ወደ መኪናው እንመለስ። አረጋዊው የሚሠሩት መሃል ከተማ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ፣ ማሞቂያ ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። «ዛሬ ማታ እኔ ጋ ታድራለች» አሉት። ብልህ መፍትሔ ነው። ሞተር አስነስቶ ማሞቅ ብዙ ጊዜ ያልረዳው ለዚህ ነው፤ ኮፈኑ ሥር ያለው ቱቦ ሊቀልጥ ይችላል፣ የውሃው ታንክ ግን በብዙ መኪኖች ላይ ከሞተሩ ርቆ ከፊት ጎማው ፓራፋንጎ ጀርባ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ አይደርሰውም። ሙሉ መኪናው ሞቃት ቦታ ማደር አለበት። ነገር ግን በሩ የተዘጋ የግል ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ለማቅለጥ መሞከር ሌላ ነገር ነው። የከሰል ጭስ ዘግቶ ከተኛ ቤተሰብ ላይ ምን እንደሚያደርስ አገር ቤት የማያውቅ የለም፤ የመኪና ጭስም የሚገድለው በዚያው ጋዝ ነው፤ እሱም ሽታ የለውም።

ጠዋት ሲመለስ በረዶው ቀልጧል። ከፊት ጎማው ሥር ግን ኩሬ ተኝቷል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እስከ አፉ በተሞላ ታንክ ውስጥ ያ ጭማሪ የሚሄድበት የለውም። የተሰነጠቀው ታንኩ ሳይሆን ከሥሩ በጎማ ቀለበት የምትሰካው ትንሿ ሞተር ናት። እዚህ ላይ የሰውየው እጅ ወደ ራሱ ተመለሰ። ጎማውን ወደ ጎን አዙሮ፣ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ መያዣዎች በጠመንጃ መፍቻ እያላቀቀ ገለጠ። አሮጌዋን ሞተር ነቀለ። ሶማሌ ተራ ቢሆን ያገለገለች ይፈልግላት ነበር፤ እዚያ ግን አዲሷ ራሷ ሃያ ምናምን ዶላር ናት። ቀለበቱን በውሃ አርሶ ገፋ አደረጋት፤ ገባች። ፊውዝ ቀየረ። ከሃያ ደቂቃ ያልበለጠ ሥራ ነው፤ አረጋዊውም «እጅህስ መልካም ነው» አሉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠበቃት ቃል ሳትሆን አትቀርም።

ትክክለኛውን ውሃ ሞላ፣ አመስግኖ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት፦ እዝዝዝ። ውሃ የለም!

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ታንኩን ባዶ አድርጎ አዲሱን ሞልቷል፤ ከሞተሯ እስከ መርጫው አፍ ባለው ቱቦ ውስጥ የነበረው አሮጌ ውሃ ግን እዚያው ነው። ብዙ መኪና ላይ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዝ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ለተመቸ ጊዜ ጥሩ ናት፣ አሁን ግን አሮጌውን ጠብቃ አቆየችው። ስለዚህ ሞቃት ቦታ ላይ ሳለ አዲሱን ከሞሉ በኋላ እጀታውን ደጋግሞ ስቦ መርጨት ነው፤ ያ የአልኮል ሽታ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ሽታው ከመጣ ቱቦው ተቀይሯል። ታንኩ ውስጥ አሮጌ ውሃ ትቶ በላዩ መሙላትም ያው ስህተት ነው፤ 29 ዲግሪ ይችላል የተባለው በእኩል ውሃ ሲቀላቀል አሥር፣ አሥራ ሁለት ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ሚኒሶታ ውስጥ ያ አንድ ተራ የጃንዋሪ ሌሊት ነው።

ሌላም አለ። ትክክለኛው ውሃ እንኳ እየተነዳ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ሲረጭ አልኮሉ ቀድሞ ይተንና ውሃው ብቻ ቀርቶ መስታወቱ ላይ ይረጋል፤ ባዶ ዓይን የነበረው ሾፌር ጭራሽ በበረዶ ይሸፈናል። መድኃኒቱ መስታወቱን ቀድሞ በማሞቂያው ማሞቅ ነው። ሰውየው ይህን ያወቀው ያለ አደጋ ነው፤ አረጋዊው ቀድመው ነገሩት።

ለምን ያን ቀን፣ በሰባት ዲግሪ ብርድ፣ ሆነ? ይህ ጥያቄ ሰውየውን ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለው ቆይቷል፤ መልሱም ከሁሉ ይገርማል። ጨው የውሃን የመርጊያ ነጥብ ያወርዳል፤ መንገድ ላይ የሚበተነውም ለዚያ ነው። በሰባት ዲግሪ ብርድ መንገዱ ጨው ጠጥቶ ይቀልጣል፣ ጭቃ ይሆናል፣ ይረጫል። ጨው ያልነካው የመኪናው ታንክ ግን ድንጋይ ሆኗል። ማለትም መስታወት በጣም የሚቆሽሽበት ብርድ እና ተራ ውሃ የሚረጋበት ብርድ አንድ ናቸው። ብርዱ እጅግ ሲጠና ተራው የመንገድ ጨው አቅም ያጣል፣ መንገዱም ይደርቃል፣ የሚረጭም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዳ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ማደል አቆመ። ያን ቀን 29 ዲግሪ የሚችለውም ውሃ ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። ግን ማን ወጣ? ሰውን የሚጎዳው ያ ስሙ የገነነው ብርድ ሳይሆን፣ ጃኬት የማያስቆልፈው መካከለኛው ነው።

በነገራችን ላይ ሰውየው እስከ ዛሬ ያልተዋጠለት የብርዱ ነገር ሳይሆን የጨው ነገር ነው። አያቶቹ በአሞሌ የገበያዩ ሰው፣ የጭነት መኪና ሙሉ ጨው አስፋልት ላይ እንደ አሸዋ ሲበተን ሲያይ አሁንም «ወይ ግፍ» ይላል።

ሀበሻ ለአዲስ መጤ ወገኑ ቸር ነው። አየር ማረፊያ ይቀበለዋል፣ ሶፋ ላይ ያሳድረዋል፣ መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ክሬዲት እንዴት እንደሚገነባ፣ የትኛው መጋዘን ሰው እንደሚቀጥር ይነግረዋል። የትራክ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ካለም አምስት ሰው የትምህርት ቤት ስልክ ይሰጠዋል። ስለ ሰማያዊው ውሃ የሚነግረው ግን የለም። ተንኮል አይደለም። የቆየው ሰው ካወቀው ብዙ ዓመት ስለሆነው ማወቁን ረስቶታል። አዲሱ ደግሞ ሾፌር ነኝ ብሎ መጥቷልና አይጠይቅም። ካፌ ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሲፋጭ የሚያመሽ ጠረጴዛ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ነገ ሌሊት በምን ታንክ እንደሚነዳ አይጠይቀውም።

ሲጠየቅም የሚሰጠው መልስ ያስፈራል። ሰውየው በኋላ ነገሩን አውጥቶ ሲያወራ ጠረጴዛው ሙሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነ። አንዱ «የራዲያተር አንቲፍሪዝ ጨምርበት» አለ፤ እሱ መስታወቱን ቅባት አልብሶ ጭራሽ ያደበዝዛል፣ ውሻና ድመትም ይመርዛል። ሌላው «ካቲካላ!» አለ። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ሳይንስ አለው፤ ጠንካራ አረቄም ቢሆን በቀላሉ አይረጋም። «ፖሊስ አስቁሞ መኪናህ አረቄ ሲሸተውስ?» ቢሉት፣ «መስታወቱ ነው የጠጣው ትለዋለህ» ብሎ ጠረጴዛውን አሳቀው። ሳቁ ጥሩ ነው። ግን ሚኒሶታ ውስጥ በውርጭ በተሸፈነ መስታወት መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የኪራይ መንጃ ሆኖ አደጋ ለሚያደርስ ሰው ደግሞ የሚጠፋው መስታወቱ ብቻ አይደለም። አካውንቱ ይዘጋል፣ ኢንሹራንሱ ይንራል፣ አገር ቤት በየወሩ የሚጠብቁት ሰዎችም ያንኑ ቀን ይነካሉ።

አገር ቤት ያለ አንባቢ ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም ቢል አይፈረድበትም፤ አዲስ አበባ ላይ የመስታወት ውሃ አይረጋም። ቢሆንም የሃይላንዱን ነገር አንድ ጊዜ ያስብበት። በእንግሊዝና ዌልስ የተደረገና በ2010 የታተመ ጥናት፣ ታንካቸው ውስጥ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳይጨምሩ ተራ ውሃ የሚጠቀሙ ሾፌሮች ሌጂዮኔላ በሚባለው ባክቴሪያ ለሚመጣ የሳንባ ምች የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ለወራት የቆመ ለብ ያለ ውሃ ባክቴሪያ ያራባል፤ ሲረጭ ደግሞ በአየር ማስገቢያው በኩል ይተነፈሳል።

ሰውየው አሁን ሰባት ክረምት አሳልፏል። ኦክቶበር ሲጋመስ አሮጌውን ውሃ ረጭቶ ይጨርሳል፣ አዲሱን ይሞላል፣ ሽታው እስኪመጣ ይረጫል። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ያልተከፈተ ጋሎን አለ፤ ከጎኑ የሕፃን ሶፍት። ቅዳሜ ካፌ ሲገባ ከሌላ ግዛት ታርጋ ጋር የቆመ መኪና ካየ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያጠያይቃል። የቴክሳስ፣ የጆርጂያ፣ የካሊፎርኒያ ታርጋ። «ወንድሜ፣ የመስታወት ውሃህን የት ነው የገዛኸው?» ይለዋል፤ ሰላምታ ሳይጨርስ። አንዳንዱ ያብዳል እንዴ ብሎ ያየዋል።

ባለፈው ጃንዋሪ ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን ለካፌው ሰው ሁሉ ስለሰጠ እንዲህ ያለ ጥሪ አያስደነግጠውም። ከዳላስ የተነሳ ወጣት ነው፤ ትራክ መንዳት ከጀመረ ሦስት ወሩ። ዋዮሚንግ ውስጥ 80 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በሌሊት። ውሃው አልወጣ አለኝ። ምንም አላይም።»

«እየነዳህ ነው የምታወራኝ?»

«ቀስ እያልኩ ነው።»

«መጀመሪያ ከመንገዱ ውጣ። መውጫው ስንት ማይል ይቀርሃል?»

«ሁለት።»

«የአደጋ መብራቱን አብራ። ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ወደ መስታወቱ አድርገው። ውሃውን እንዳትነካው፣ መጥረጊያውንም አታስነሳው። እኔ ስልኩን አልዘጋም።»

ሰውየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከሩቅ የመኪናው ምልክት «ጠክ ጠክ» ሲል ይሰማዋል። ደቂቃው ረዘመ። በመጨረሻ የፍሬን አየር ሲለቀቅ ሰማ።

«ቆምኩ ጋሼ።»

«ጎበዝ። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው። ድምፅ አላት?»